«ጠብቂ» የሚባል ሕግ የለም

የቤትና የቦታ ጥያቄዎቻችሁ። የዓምዱ አዘጋጅ በከተማ ፕላንና በግንባታ ፈቃድ ሥራ 26 ዓመት አገልግለው በጡረታ ላይ የሚገኙ ባለሙያ ናቸው።

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የምጽፍልዎ ከጉለሌ፣ ከሽሮ ሜዳ ከፍ ብሎ ካለው ሰፈር ነው። አባቴ ቦታውን የገዛው ከ1967 ዓ.ም. በፊት ነው። 285 ካሬ ሜትር ነው፤ ካርታ አለው፤ ግብሩ ተቋርጦ አያውቅም። ዋናው ቤት የጭቃ ነው፤ ከጓሮ ማድ ቤትና ሁለት ሰርቪስ ክፍሎች አሉ። አባቴ ካረፈ አራት ዓመት ሆነው። እናቴ 74 ዓመቷ ነው፤ ስኳር አለባት። ያሰብኩት የጓሮዎቹን አፍርሼ በብሎኬት አራት ክፍል ሠርቼ ማከራየት ነው። የመድኃኒቷ ወጪ ከዚያ ይሸፈናል ብዬ ነው።

ወረዳ ሄድኩ። አንዱ «ከፊት አራት ሜትር ለመንገድ ይሄዳል» አለኝ። ሌላው «ሰፈሩ ለቅይጥ አገልግሎት የተመደበ ነው፤ ከጂ ፕላስ ሦስት በታች አይፈቀድም» አለኝ። ሦስተኛው «አካባቢው ለመልሶ ማልማት ሊገባ ይችላል፤ ጠብቂ» አለኝ። እስከ መቼ ብዬ ስጠይቀው ትከሻውን ሰበቀ። ይኼው ሁለት ዓመት ሞላኝ። በጽሑፍ የሰጡኝ ነገር የለም። ከአጥራችን ቀጥሎ ያለው ሰውዬ ግን በሁለት ሌሊት ሦስት ክፍል አቁሞ ተከራይ አስገብቶበታል። ዘመድ ወዳጁ ሁሉ «አንቺም ሌሊት ሥሪው፤ አንዴ ከቆመ ማን ያፈርሰዋል» ይለኛል።

እውነቱን ይንገሩኝ፤ ይህ ግቢ የኛ ነው ወይስ አይደለም? የኛ ከሆነ በገዛ ግቢያችን ለምን እንከለከላለን? አራቱ ሜትር ሲወሰድስ ካሳ አለው?

እ. ተ.፣ ከጉለሌ

መልስ፦

ልጄ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። የኮሪደር ልማቱ በ2016 ከተጀመረ ወዲህ ከሚደርሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ያንቺን ይመስላሉ፤ ሰው ግድግዳ ሊያቆም አይደለም፣ ቆርቆሮ ሊቀይር እንኳ እየፈራ ነው። ስለዚህ ያንቺን ጉዳይ ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ።

ከሌሊቱ ልጀምር። ሌሊት አትሥሪ። ያለ ፈቃድ የቆመ ክፍል ነገ መንገድ ቢመጣ ለካሳ አይቆጠርም፤ መንገድ ባይመጣም ደንብ አስከባሪ ያስቆመዋል፣ ያስፈርሰዋልም። ጎረቤትሽ እስካሁን አለመፈረሱ ተፈቅዶለታል ማለት አይደለም። እኔ በሥራ ላይ ሳለሁ ሰባት ዓመት ቆመው በአንድ ማለዳ የወረዱ ክፍሎች አይቻለሁ፤ ባለቤቱ ብሎኬቱን እየለቀመ በጋሪ ሲጭን ቆሜ አይቻለሁ። ለብሎኬት፣ ለብረትና ለሲሚንቶ የምታወጪው ገንዘብ የእናትሽ መድኃኒት ነውና በእንደዚህ ዓይነት ቁማር ላይ አታስቀምጪው።

አሁን ወደ ትልቁ ጥያቄሽ። ግቢው የናንተ ነው ወይስ አይደለም?

መሬቱ የናንተ አይደለም። በ1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታን ሁሉ የመንግሥት አደረገ፤ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤትና እስከ 500 ካሬ ሜትር ቦታ ተወለት። አባትሽ በገንዘቡ የገዛው ቦታ ያን ጊዜ «ይዞታ» ሆነ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደነገገ። ይህን ስነግርሽ ቅር እንደሚልሽ አውቃለሁ፤ የእኔም አባት በዚያው አዋጅ ሁለተኛ ቤቱን አጥቷል። ነገር ግን እዚያው አንቀጽ ላይ ትንሽ ወረድ በይ። በመሬቱ ላይ በጉልበትሽም ሆነ በገንዘብሽ የሠራሽው ቤት፣ ያደረግሽው ቋሚ ማሻሻያ ሙሉ መብትሽ ነው ይላል፤ መሸጥ ትችያለሽ፣ ማውረስ ትችያለሽ። መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ሊወስደው ከፈለገ ደግሞ ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ ከፍሎ ነው። «በቅድሚያ» የምትለዋን ቃል ያዣት፤ ብዙ ሰው የሚረሳት እሷን ነው።

ስለዚህ ቤቱ የናንተ ነው፣ ቦታውን የመጠቀም መብትም የናንተ ነው። የከተማው ድርሻ ደግሞ በዚያ ቦታ ላይ ምን፣ በምን ከፍታ፣ ከወሰን ምን ያህል ርቆ እንደሚሠራ መወሰን ነው። ይህ ሥልጣን ከየት መጣ ብለሽ እንዳትቆጪ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። በሥራ ዘመኔ አጋማሽ ላይ በአንድ በተጠጋጋ ሰፈር እሳት ተነሣ። የእሳት አደጋው መኪና ፈጥኖ ነው የደረሰው፤ ግን መግባት አልቻለም። በካርታ ላይ ስድስት ሜትር የሆነው መንገድ ሦስት ሜትር አይሞላም ነበር። በማግስቱ ከባልደረባዬ ጋር ሜትር ይዘን ገባን። አንድም ሰው መንገዱን አልዘጋውም ነበር። እያንዳንዱ አጥሩን ሲያድስ አንድ ክንድ፣ ግማሽ ሜትር ወደ ውጭ ገፋ ማድረጉ ብቻ ነበር። ሁሉም የገፋው ከገዛ ግቢው ተነሥቶ ነው። ያን ቀን አሥራ አንድ ቤት አመድ ሆነ። የመንገድ መስመር ሲባል ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ለእኔ የወረቀት ጉዳይ አይደለም።

ወዳንቺ አራት ሜትር ልመለስ። መስመሩ በፕላን ላይ መኖሩ ብቻ ቦታው ተወስዷል ማለት አይደለም። እስኪወሰድ ድረስ ይዞታው የናንተ ነው፤ በሩም አጥሩም ባለበት ይቆማል። የማይፈቀደው በዚያ አራት ሜትር ውስጥ አዲስ ነገር መሥራት ነው። የሚወሰድበት ቀን ሲመጣ አጥሩ፣ በሩ፣ ዛፉ፣ ከቤቱ የሚነካው ክፍል ተገምቶ ይካሳል፤ የቤት ግምት የሚሠላውም ያንኑ ዓይነት ቤት ዛሬ ለመሥራት በሚያስፈልገው ወጪ ነው። ለመሬቱ ራሱ የገበያ ዋጋ አይከፈልም። ይህን አስቀድመሽ እንድታውቂው የምነግርሽ ደላላ ሌላ ነገር እንዳይነግርሽ ነው። ደግሞ ልብ በይ፣ አንቺ ልትሠሪ ያሰብሽው ከጓሮ ነው! የፊት ለፊቱ መስመር የጓሮውን ክፍል ለመከልከል ብቻውን ምክንያት ሊሆን አይችልም። ሰውየው ሁለት ነገር አቀላቅሎብሻል።

የጂ ፕላስ ሦስቱ ነገር ከባድ ነው። በመዋቅራዊ ፕላኑና በአካባቢ ልማት ፕላኑ ለአንዳንድ መንገዶች ዳር ዝቅተኛ ከፍታ መወሰኑ ያለ ነገር ነው፤ ከተማው ወደ ጎን ከመንጠራራት ወደ ላይ ይውጣ በሚል ሐሳብ ነው፤ ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። ግን ከዋናው መንገድ ገባ ባለ ግቢ፣ 285 ካሬ ላይ ላለች የ74 ዓመት ባልቴት «ጂ ፕላስ ሦስት ሥሪ ወይም ምንም አትሥሪ» ማለት መከልከል እንጂ መምራት አይደለም። እኔ ይህን በስብሰባ ላይ ተናግሬ ተሸንፌያለሁ፤ ዛሬም አቋሜ ያው ነው። ደንብ ለሰው የሚቻል ነገር ካላስቀረለት ከደንብነት ወጥቷል።

የሚቻል ነገር ግን እንፈልግ። አንደኛው ዕድሳት ነው። የዕድሳትና የጥገና ፈቃድ ከአዲስ ግንባታ ፈቃድ የተለየ ጥያቄ ነው። ያሉት ማድ ቤትና ሁለት ሰርቪሶች በካርታው ላይ ካሉ፣ በነበሩበት መሠረትና በነበራቸው ስፋት ጭቃውን አንሥቶ በብሎኬት መተካት ይፈቀድ እንደሆነ ለብቻው በማመልከቻ ጠይቂ። አራት ክፍል ባይወጣው ሦስት ይወጣዋል። ሁለተኛው፣ ከአጠገብሽ ካሉት ባለይዞታዎች ጋር መነጋገር ነው። በ2011 የወጣው የመሬት ማስለቀቂያና የካሳ አዋጅ፣ ቁጥር 1161፣ አካባቢው ለመልሶ ማልማት ከተያዘ ነባሮቹ ባለይዞታዎች በፕላኑ መሠረት በግልም ሆነ በጋራ ለማልማት የቅድሚያ መብት እንዳላቸው ይናገራል። ሦስት ጎረቤታሞች ቦታቸውን ቢያጣምሩ ጂ ፕላስ ሦስት የሕልም እንጀራ አይሆንም። ገንዘቡ ከየት ይመጣል እንደምትዪ አውቃለሁ። ለዛሬ መልስ የለኝም፤ መብቱ መኖሩን ግን እወቂ፣ «ውጡ» የሚል ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄሽ ይኼ ይሁን።

አሁን ወደ ሦስተኛው ሰውዬ፣ ወደ «ጠብቂ» ባዩ። ሌሊት እንቅልፍ የነሣኝ እሱ ነው።

በ1990ዎቹ መጨረሻ አንድ የባቡር ጡረተኛ ወደ እኔ ጠረጴዛ ይመጡ ነበር። የጣራቸው ማገር በስብሶ ቆርቆሮው ወርዷል፤ ጣራ ለመቀየር ፈቃድ ፈለጉ። ቦታው በፕላኑ ላይ ለአረንጓዴ ሥፍራ ተይዟል ተብሎ ነበር። «አባቴ፣ ይጠብቁ» አልኳቸው። በቃል ነው ያልኳቸው። በየዓመቱ ሐምሌ ሲገባ ጥቁር ጥላቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ጥላውን ከበሩ ጀርባ አስደግፈው ይቀመጣሉ፤ እኔም ይጠብቁ እላቸዋለሁ። ስድስት ክረምት ጠበቁ። ከዚያ ፕላኑ ሲከለስ አረንጓዴው ሥፍራ ወንዙን ተሻግሮ ወደ ማዶ ሄደ። የሳቸው ሰፈር ድሮም መኖሪያ፣ አሁንም መኖሪያ ሆነ። ፈቃዱን ልሰጣቸው ስጠብቅ የመጡት ባለቤታቸው ናቸው፤ ጥቁር ለብሰው።

እኔ ያን ጊዜ ሕግ ያስከበርኩ መስሎኝ ነበር። «ጠብቂ» የሚባል ሕግ ግን የለም። ሕጉ የሚያውቀው ሦስት መልስ ነው፤ ተፈቅዷል፣ ተከልክሏል፣ ወይም ቦታው ለሕዝብ ጥቅም ስለሚፈለግ ማስለቀቂያ ወጥቷል። መፍቀድ መብትሽን ይሰጥሻል። መከልከል ምክንያት ይጠይቃል፣ ይግባኝም ያስከትላል። ማስለቀቅ አስቀድሞ መነጋገርን፣ ማስታወቂያንና ካሳን ያመጣል፤ ያው የ2011 አዋጅ ቦታው በአስቸኳይ ካልተፈለገ በስተቀር ተነሺዎች ቦታውን ከሚለቁበት ቢያንስ አንድ ዓመት ቀድሞ ስለፕሮጀክቱ እንዲነገራቸው ያዝዛል። «ጠብቂ» ግን ከሦስቱም ያመልጣል። ምክንያት አይሰጥም፣ ይግባኝ አይባልበትም፣ ካሳ የለውም። ቤቱ ሳይወሰድ በባለቤቱ እጅ እያለ ይፈርሳል። በዚህች ከተማ ሰውን ከይዞታው ያፈናቀለው ግሬደር ብቻ አይደለም፣ ይህች አንዲት ቃልም ናት።

ስለዚህ ሥራሽ «ጠብቂ»ን ወደ ጽሑፍ መለወጥ ነው። እንዲህ አድርጊ።

መጀመሪያ ካርታው በማን ስም ነው? ደብዳቤሽ አልነገረኝም፤ በአባትሽ ስም ይመስለኛል። እንደዚያ ከሆነ የትኛውም ቢሮ ሊመልስሽ ይችላል፤ ምክንያቱም ፈቃድ የሚጠይቀው ባለይዞታው ነው። ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ አውጡ። በጋብቻ የተፈራ ንብረት ከሆነ ግማሹ የእናትሽ ነው፤ የቀረው ለልጆች ይሄዳል። ወንድምና እህት ካለሽ ከአሁኑ ተስማሙ፤ ስምምነታችሁንም በጽሑፍ አድርጉት። በውርስ የሚተላለፍ ነባር ይዞታ እንደ ነባርነቱ ይቀጥላል፤ ከውርስ ውጪ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ ግን በ2004 በወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 መሠረት ወደ ሊዝ ይገባል። ስለዚህ ለማቅለል ብላችሁ የሽያጭ ወረቀት አትጻፉ።

ቀጥሎ ሁለት የተለያዩ ማመልከቻዎች ጻፊ። በመጀመሪያው የፕላን ስምምነት ጠይቂ፤ ቦታሽ ላይ የሚያርፈው የመንገድ መስመር ከወሰን ድንጋዩ በስንት ሜትር እንደሆነ፣ አካባቢው ለምን አገልግሎት እንደተመደበና ዝቅተኛውና ከፍተኛው ከፍታ ስንት እንደሆነ በሳይት ፕላን ላይ ተጽፎ ይሰጥሽ። በሁለተኛው የዕድሳቱን ፈቃድ ጠይቂ። ሁለቱንም በመዝገብ ቤት አስገብተሽ ቅጂው ላይ ቁጥርና ቀን አስመቺ። ይህችን ቁጥር እንደ ካርታው ጠብቂያት። በማመልከቻሽ መጨረሻ እንዲህ በይ፤ «ጥያቄዬ የማይፈቀድ ከሆነ የተከለከለበት ምክንያትና የተመሠረተበት ሕግ ወይም ፕላን በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ እጠይቃለሁ።» በጨዋነት ጻፊው፤ ግን ይህች ዓረፍተ ነገር አትቅር።

በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ይህን የሚወስን ባለሥልጣን «የሕንፃ ሹም» ብሎ ሰይሞታል፤ በሹሙ ውሳኔ ቅር ያለው ሰው ይግባኝ የሚልበትን ቦርድም አቋቁሟል። ወረዳው ወይም ክፍለ ከተማው በቃል ቢመልስሽ ይግባኝ የምትዪበት ነገር የለሽም። በጽሑፍ ቢከለክልሽ ግን፣ ክልከላውም ቢሆን በእጅሽ ያለ መብት ነው። ጭራሽ ዝም ካሉሽ ደግሞ የገባበትን ቁጥር ይዘሽ ወደ በላይ ኃላፊው፣ ካልሆነም ወደ እንባ ጠባቂ ተቋም ሂጂ። አዋጆቹ በየጊዜው ይሻሻላሉና ስትሄጂ በሥራ ላይ ያለውን እትምና መመሪያውን አሳዩኝ በይ። አያፍሩም፣ ያሳዩሻል፤ ካላሳዩሽም ማሳየት አለመቻላቸውን ማመልከቻሽ ላይ ትጽፊያለሽ።

ሌሊት ስለሠራው ጎረቤትሽ የምመክርሽ ዝምታን ነው። እሱን መክሰስ ያንቺን ፈቃድ አያመጣም፤ ተከራዮቹም ሰዎች ናቸው። ግን «ለሱ ዝም ተብሎ ለምን እኔ» ማለት መብትሽ ነው፤ ደንብ ለሁሉም እኩል ካልሆነ ሕግ አክባሪውን መቅጫ ይሆናል። ይህን ለቦርዱ ስምና ቤት ቁጥር ሳትጠሪ ተናገሪው።

ጥያቄ፦

ዓምድዎን እዚህ አሜሪካ ሆኜ አነባለሁ። ከይቅርታ ጋር፣ የሁሉም ችግር ሥር መሬቱ የመንግሥት መሆኑ ነው። እዚህ መሬት የግል ስለሆነ በገዛ ቦታህ ላይ ማንም ምን ሥራ፣ ምን አትሥራ አይልህም። ለምን ይህን ደፍረው አይጽፉም?

አንባቢ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

መልስ፦

ወንድሜ፣ ስለ ባለቤትነቱ ያነሣኸው ክርክር ትልቅ ነው፤ መሬት የግል ቢሆን ለእናታችን የጉለሌዋ ባልቴት ቢያንስ የመሬቱ ዋጋ በተከፈላት ነበር፤ በዚህ እስማማለሁ። «ማንም አይልህም» ያልከው ግን ልክ አይደለም። እኔም ልጄ ጋ ቨርጂኒያ ስምንት ወር ተቀምጬ ነበር። ልጄ ምድር ቤቱን ለማከራየት ሲያስብ መጀመሪያ የሄደው ወደ ካውንቲው ነው፤ የመኪና ማቆሚያው፣ የመውጫ መስኮቱ ስፋት፣ የጣራው ከፍታ ሁሉ ተጠይቋል። የበሩን ቀለም ለመቀየር ደግሞ የሰፈሩን ማኅበር ማስፈቀድ ነበረበት።

ሕጋቸውም የቆየ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1926 እ.ኤ.አ. ዩክሊድ ስለምትባል የኦሃዮ ከተማ በሰጠው ውሳኔ ከተሞች አካባቢን በአገልግሎት መከፋፈል እንደሚችሉ ፈቅዷል። ከዚያ አራት ዓመት ቀድሞ በ1922 ደግሞ ይኸው ፍርድ ቤት ደንብ ከልክ ሲያልፍ እንደ መውሰድ ይቆጠራል ብሎ ነበር። ልኩ የት ነው የሚለውን ነው እስከ ዛሬ የሚከራከሩበት።

ለእኔ ከሁሉ ይልቅ የከበደኝ የ2002ቱ (እ.ኤ.አ.) ውሳኔ ነው። በካሊፎርኒያና በኔቫዳ መካከል ባለው በታሆ ሐይቅ ዙሪያ ቦታ የገዙ ሰዎች፣ ሐይቁን ከብክለት ለመጠበቅ ፕላን እስኪወጣ በሚል 32 ወር ግንባታ ተከለከሉ። «ለነዚህ ወራት ካሳ ይከፈለን» ብለው ከሰሱ፤ ፍርድ ቤቱ ጊዜያዊ እገዳ በራሱ እንደ መውሰድ አይቆጠርም ብሎ ፈረደባቸው። አየህ፣ መሬት የግል በሆነበት አገርም «ጠብቅ» ካሳ ሳያስከትል ሊያልፍ ይችላል። ልዩነቱ የነሱ «ጠብቁ» ተጽፎ ወጥቷል፤ የተጀመረበትና ያበቃበት ቀን አለው፤ ስለዚህም እስከ ላይኛው ፍርድ ቤት ድረስ ሊከራከሩበት ቻሉ። እኔ ለጉለሌዋ ልጅ የምለምንላት ይህችኑ ነው። የመሬት ሥርዓቱ እስኪለወጥ ሳትጠብቅ ዛሬ ልታገኛት ትችላለች።

ጥያቄ፦

በባሕር ዳር በመኖሪያ ሰፈር እንኖራለን። ጎረቤታችን በግቢው ውስጥ የብረታ ብረት ሥራ ከፍቷል። ብየዳውና ግራይንደሩ እስከ ምሽት ሦስት ሰዓት አያቆምም፤ የስምንት ወር ሕፃን አለችኝ፣ እየባነነች ታለቅሳለች። በቅርቡ ደግሞ ከወሰናችን ላይ ግድግዳ አስነሥቶ ወደ ግቢያችን መስኮት አወጣበት። ስንነግረው «ግቢዬ ነው፣ ፈቃድ አለኝ» ይላል። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ አራት ልጆች ያሳድጋል። ከሱ ጋር መጣላት አልፈልግም፤ ግን እንዲህ መኖርም አልቻልኩም።

እናት፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦

እህቴ፣ አራት ልጆቹን ማስታወስሽ ደስ አሰኝቶኛል፤ ይህ ጉዳይ በዚያ መንፈስ ከተያዘ ያልቃል።

«ፈቃድ አለኝ» ሲል የትኛውን ፈቃድ ነው? ብዙ ጊዜ እንዲህ የሚሉ ሰዎች የያዙት ንግድ ፈቃድ ነው። ንግድ ፈቃድ አንድን ሥራ ለመሥራት ነው እንጂ በመኖሪያ ግቢ ውስጥ ወርክሾፕ ለመክፈት አይደለም፤ የቦታው አገልግሎት በከተማው ፕላን ነው የሚወሰነው። ለማዘጋጃ ቤቱ የፕላን ክፍል ያ አካባቢ ለምን አገልግሎት እንደተመደበ ጠይቂ። ክስ አይደለም፣ ጥያቄ ብቻ ነው።

«ግቢዬ ነው» ለሚለው ደግሞ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1225 መልሶለታል። ባለንብረት በንብረቱ ሲጠቀም ጎረቤቱን ከሚጎዳና ከሚያውክ ነገር መቆጠብ አለበት፤ ጢስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታ፣ ድምፅና ንዝረት ከመልካም ጉርብትና ልክ እንዳያልፍ ይላል። ይህን አንቀጽ እወደዋለሁ፤ «ከመልካም ጉርብትና ልክ» ብሎ መለኪያውን ከኛው ኑሮ ነው የወሰደው። በይዞታሽ ላይ ሁከት ሲፈጠር ደግሞ «ሁከት ይወገድልኝ» ብሎ መክሰስ አለ፤ ቁጥር 1149 ነው። ሁከቱ ከጀመረ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ ግን ይታገዳልና ቀኑን ቁጠሪ።

መስኮቱ ቀላል ነው። በወሰን ላይ የሚቆም ግድግዳ ድፍን ይሆናል፤ ወደ ጎረቤት መስኮት የሚያወጣ ግድግዳ ቢያንስ ሁለት ሜትር ከወሰን ይርቃል። በሠራሁባቸው ዓመታት ሁሉ ስናጸድቅ የምንሠራበት ልክ ይህ ነበር። ስለዚህ የከተማው የሕንፃ ሹም ዘንድ ብትሄጂ ያስደፍነዋል። አንቺ ግን ወደ ሹሙ ከመሄድሽ በፊት ለራሱ ለሰውየው ንገሪው፤ ብርሃን ፈልጎ ከሆነ ከፍ ብሎ በብርጭቆ ብሎክ እንዲያበጀው ተስማሙ፤ ብርሃኑን ያገኛል፣ ግቢሽም አይታይም።

ስለ ድምፁ ለሁለት ሳምንት በደብተር ጻፊ፤ ቀን፣ የተጀመረበት ሰዓት፣ ያቆመበት ሰዓት። ከዚያ ሁለታችሁም የምታከብሯቸውን ሁለት ሦስት ሽማግሌዎች ይዘሽ፣ ቡና አፍልተሽ አስቀምጪው። መጀመሪያ የምትጠይቂው ግራይንደሩ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላና እሑድ እንዲያቆም፣ ብየዳውም ካንቺ መኝታ ቤት ተቃራኒ ወዳለው ጥግ እንዲዞር ነው። ሁለተኛው፣ ለጥቃቅንና አነስተኛ ሥራዎች ከሚሰጡት ሼዶች አንዱን እንዲጠይቅ፣ አንቺና ጎረቤቶቹም ማመልከቻውን ፈርማችሁ እንድትደግፉለት ነው። ሼድ ሲለመን የጎረቤት ፊርማ ያለው ማመልከቻ ከባዶው የተሻለ ይነበባል። ካልተስማማ ብቻ ደብተሩን ይዘሽ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ፣ ከዚያም ወደ ፍርድ ቤት።

ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ሕፃኗን ታቅፈሽ ተቀመጪ። ምን ላይ እንደደረሳችሁም ጻፊልኝ።